መርዝ የጠጣ አፈር እንዴት ይታከማል? ከአንድ የጅማ ጓሮ

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው አንድ ክፉ ጥግ አያጣም። ጎመን አልበቅል የሚልበት፣ ሣሩ እንኳ የሚገረጣበት። እኔም ነበረኝ። ቤቱን ስከራይ ከኋላ በኩል አራት ሜትር በአምስት የምትሆን ባዶ ቦታ አየሁና ቦሎቄ ዘራሁባት። ቦሎቄው በቀለ። ሁለት ሦስት ቅጠል አወጣ። ከዚያ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ሆነ፣ እንደተለበለበ ደረቀ፣ አለቀ። ውሃ አንሶት ይሆናል ብዬ ድጋሚ ዘራሁ። ያው ነው። ጎረቤቴ ሽማግሌው በአጥሩ በኩል አይተውኝ ሳቁ። «ልጄ፣ እዚያ'ኮ የበቆሎው መድኃኒት ነበር የሚበጠበጠው» አሉኝ።

መድኃኒት ነው የምንለው። ስሙ ራሱ ያዘናጋል።

ያችን ጥግ ለማከም ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ግማሹ ጊዜ የጠፋው በራሴ ስህተት ነው፤ ምን እንደፈሰሰ ሳላጣራ ሥራ ጀምሬ ነበር። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

የመርዙን ስም እወቁ

ለአንዱ መርዝ ፈውስ የሆነው ነገር ለሌላው ጉዳት ነው። ማላታይን የተባለው የነፍሳት መርዝ እርጥብና ሕይወት ባለው አፈር ውስጥ በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የሚባለው ፀረ አረም ግማሹ እስኪጠፋ አሥር ቀን ገደማ ቢፈልግ ነው። ሌላው የነፍሳት መርዝ ክሎርፓይሪፎስ ከአንድ ወር እስከ አራት ወር ይቆያል። በበቆሎ ፀረ አረም ውስጥ ያለው አትራዚን ግማሹ ለመጥፋት ሁለት ወር ያህል ይወስዳል፤ ይህ ግን በማሳ ላይ በልኩ ሲረጭ ነው። የመርጫ ፓምፕ በሚታጠብበት ቦታ ለዓመታት የተጠራቀመው ሌላ ጉዳይ ነው። ዲዲቲ ደግሞ ግማሹ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል።

መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ጭራሽ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። መዳብ ብረት ነው። ብረትን ባክቴሪያ በልቶ አይጨርሰውም። ቡና ላይ ለዓመታት መዳብ ሲረጭበት የኖረ መሬት ካላችሁ ይህ መመሪያ አይጠቅማችሁም።

ስሙን ለማወቅ አሮጌ ጠርሙስና ካርቶን ፈልጉ። መለያው ላይ የንግድ ስሙ በትልቁ፣ የንጥረ ነገሩ ስም በትንሹ ይጻፋል። የምትፈልጉት ትንሹን ነው። ጠርሙስ ከሌለ ጎረቤት ጠይቁ። እዚያ አካባቢ ምን ይመረት ነበር? በቆሎ ከነበረ አትራዚንን ጠርጥሩ። የእህል ጎተራ ከነበረ ማላታይንን። ጫት ከነበረ ዲዲቲም ይጠረጠራል፤ ሰብል ላይ መርጨቱ ክልክል ቢሆንም። የቆየ ጭቃ ቤት ፈርሶ ግድግዳው ጓሮ ከተደፋም እንዲሁ፤ ዲዲቲ ለወባ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል።

ዲዲቲን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ከአሰንዳቦ፣ ከሰርቦና ከጅማ በተወሰደ የእናትና የላም ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ በቀላሉ አይወጣም።

ከዶማው በፊት

ቦታውን እጠሩ። ልጆችና ዶሮዎች እንዳይገቡ። ዶሮ አፈር ትጭራለች፣ ትል ትለቅማለች፣ መርዙ እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። ቦት ጫማ፣ የጎማ ጓንት፣ አፍንጫና አፍ መሸፈኛ ይኑራችሁ። ደረቅ አፈር አትቆፍሩ፤ አቧራው ነው የሚጎዳው። ትንሽ ውሃ ረጭ ረጭ አድርጉበት። ስትሠሩ የለበሳችሁትን ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠቡ።

መርዙ ዛሬ የፈሰሰ ከሆነ ውሃ አታፍሱበት። ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አፈር አልብሱትና እስኪመጥ ጠብቁ፣ ከዚያ በአካፋ ሰብስባችሁ ላስቲክ ላይ አድርጉት። ውሃ ካፈሰሳችሁበት ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ አዌቱ ወንዝ ነው የሚሄደው። እየሠራችሁ ድንገት ምራቅ ከበዛባችሁ፣ ካላባችሁና ዓይናችሁ ከደበዘዘ ሥራውን ጥላችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ መለያውን ይዛችሁ።

በፌጦ መመርመር

የመርዝ ቅሪት በቤተ ሙከራ ማስለካት ውድ ነው። ለጓሮ የሚሆን ርካሽ ዘዴ ግን እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ አለ፦ ፌጦ። ሌላው ዓለም አፈርና ብስባሽ ተክልን ይጎዳ እንደሆነ የሚፈትንበት አንዱ ዋና ዘር እሱ ነው። እኛ ለሆድ ቁርጠት የምናስቀምጠው ፌጦ! ቶሎ ይበቅላል፣ ለመርዝ ስስ ነው።

ሁለት ሰፌድ የማይሞላ አፈር ይበቃል። አንዱን ከተጠረጠረው ቦታ፣ ሌላውን ከንጹሕ ቦታ ውሰዱ። ሁለቱንም በጣሳ አድርጉና በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ፌጦ ዝሩ። እኩል ውሃ፣ እኩል ጥላ። በሰባተኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ፣ ነቅላችሁም የሥሩን ርዝመት አወዳድሩ። በተጠረጠረው አፈር ሥሩ ካጠረ፣ ከጠቆረ ወይም ከተጣመመ ነገር አለ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሸወድኩት። ፌጦዬ በሰባት ቀን ጥሩ ሆኖ በቀለና «ነጻ ነው» ብዬ ተዝናናሁ። አትራዚን ግን ዘር እንዳይበቅል አያደርግም። ተክሉ ቅጠል አውጥቶ ከፀሐይ ምግብ መሥራት ሲጀምር ነው የሚገድለው። ስለዚህ ለአትራዚን ቦሎቄ ዝሩና ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ለቱፎርዲ ቲማቲም ይሻላል፤ ቅጠሉ ይጠማዘዛል። ዲዲቲንና ሌሎች የነፍሳት መርዞችን ግን በተክል ሙከራ አታገኟቸውም፤ ተክሉ ደህና ሆኖ ይበቅልባቸዋል። ለእነሱ ምልክት የሚሰጠው የምድር ትል ነው። አንድ ሳጥን መሃሉን በካርቶን ከፍላችሁ በአንዱ ወገን የተጠረጠረውን፣ በሌላው ንጹሑን አፈር አድርጉ። ካርቶኑን አንሱና አሥር ትል መሃል ላይ ልቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ብዙዎቹ ወደ ንጹሑ ከሸሹ መልሱን አገኛችሁ። ትሎቹ በእኩል ከተቀመጡ ግን ከዲዲቲ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ እንዳለ ቁጠሩት።

ማነው የሚሠራው?

መርዙን የሚያፈርሰው በዋናነት ባክቴሪያ ነው። አንዳንዱ እንደ ምግብ ይበላዋል፣ አንዳንዱ ሌላ ነገር ሲበላ በጎን ይሰባብረዋል። ተክሉ ቡና አፍልቶ ጎረቤት እንደሚሰበስብ ሰው ነው። በሥሩ በኩል ስኳርና አሲድ ያንጠባጥባል፣ ባክቴሪያው እዚያ ይሰበሰባል። በሥር ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ ራቁቱን ካለው አፈር አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ ይበዛል። አንዳንድ ተክል ደግሞ ራሱም ይሠራል። በቆሎ አትራዚንን በሰውነቱ ውስጥ ያፈርሰዋል፤ መድኃኒቱ አረሙን ገድሎ በቆሎውን የሚምረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ሥራ ባክቴሪያውን ማብላት፣ ማጠጣትና ማስተንፈስ ነው። ሌላው በራሱ ይሄዳል።

አፈሩን ማዘጋጀት

ጊዜው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ነው፣ ዝናቡ ሲጀምር። በሐምሌ አትጀምሩ። በዚያ ዝናብ አትራዚን ከአፈሩ ጋር ወደ ታች ወይም ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይወርዳል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከላይ ጎርፍ መመለሻ ትንሽ ቦይ ቆፍሩ፣ ከታች ደግሞ እርከን ሥሩ።

የጅማ ቀይ አፈር አብዛኛው አሲዳማ ነው። መርዝ የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ደግሞ አሲድ አይወዱም። የአሲድነቱን ልክ፣ ፒኤቹን፣ አስለኩ፤ ከ5.5 በታች ከሆነ የእርሻ ኖራ ያስፈልጋል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል። ለእኔ 20 ካሬ አምስት ኪሎ ነበር። የግንባታ ኖራ አይደለም፣ እሱ ያቃጥላል። ኖራውን በትናችሁ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ክሎርፓይሪፎስና መሰሎቹም አሲድነቱ ሲቀንስ ቶሎ ይፈርሳሉ።

እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ። አፈር ጨብጡ። ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ከተበተነ አጠጡ። ውሃ ከወጣው ተዉት ይድረቅ። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተተ አየር አጥሮታል፤ በዶማ ገልብጡት።

ምን እናብላው?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው።

አትራዚን ውስጡ ናይትሮጅን አለ። ባክቴሪያው አትራዚንን የሚበላው በአብዛኛው ያንን ናይትሮጅን ፈልጎ ነው። እናንተ ዩሪያ ከጨመራችሁለት ምን አስለፋው? የተዘጋጀውን ይበላና አትራዚኑን ይተወዋል። እኔ መጀመሪያ ዩሪያ ነበር የጨመርኩት። «ይበርታ» ብዬ። አራት ወር ሙሉ ቦሎቄው እየሞተ አየሁ። ለአትራዚን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ ጭድ። የጤፍ ጭድ ወይም ተከትክቶ የደቀቀ የበቆሎ አገዳ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ ያህል፣ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ። ጭድ ኃይል ይሰጣል እንጂ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው ሲርበው ወደ አትራዚኑ ይዞራል።

ለማላታይን፣ ለክሎርፓይሪፎስና ለቱፎርዲ ግን በደንብ የበሰለ ብስባሽ ነው የሚጠቅመው። ለካሬ ሜትር አምስት ኪሎ። የቡና ገለፈት በሽ በሽ ነው እዚህ፤ ነገር ግን ትኩሱን አትጠቀሙ። ካፌይንና ታኒን ስላለው ተክሉንም ባክቴሪያውንም ያስቸግራል። ከእበትና ከአፈር ጋር ከምሩት፣ በየሁለት ሳምንቱ ገልብጡት፣ ጠቁሮ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል።

አሁን ባክቴሪያውስ ከየት ይመጣል? በሱቅ የሚሸጠው ኢኤም የሚባል ድብልቅ እርሾና የእርጎ ዓይነት ባክቴሪያ ያለበት ነው። ብስባሽ ለማፋጠን ይሆናል። መርዝ እንዲበላ ተመርጦ የተሠራ ግን አይደለም፤ ብራችሁን አታባክኑ። ከዚያ የሚሻል ነገር በነጻ አለ። አንድ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ፀረ አረም ለዓመታት በልኩ ሲረጭ፣ እዚያ ያለው ባክቴሪያ መብላቱን ይለምደዋል። ገበሬው «መድኃኒቱ እንደ ድሮው አይሠራም» ሲል የምትሰሙት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም የታወቁት ሁለት አትራዚን በሊታ ባክቴሪያዎች፣ ሱዶሞናስ ኤዲፒ እና አርትሮባክተር ቲሲ1 የተባሉት፣ የተገኙት ከድንግል ጫካ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ አትራዚን ከፈሰሰበት አፈር ነው።

ስለዚህ ለዓመታት አትራዚን የተረጨበት የበቆሎ ማሳ ያለው ሰው ፈልጉ። ምርቱ ከተነሳ በኋላ፣ ከላይ ያለውን አሥር ሳንቲ ሜትር አፈር ሁለት ጆንያ ለምኑት። እኔ ከቀርሳ መንገድ ካለ አንድ ገበሬ ወሰድኩ። «አፈር ብቻ?» ብሎ ግራ ገባው፣ ሻይ እንኳ አልጋበዝኩትም። አፈሩን ፀሐይ ላይ አታድርቁት፣ በማግስቱ ተጠቀሙት። በቦታው በትናችሁ በስሱ አዋህዱት። እንደ እርሾ ነው የሚሠራው።

ተክሉ

ለአትራዚን መጀመሪያ በቆሎ በጥቅጥቅ ዝሩ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ። ለመብላት አይደለም። አበባ ከማውጣቱ በፊት አጭዳችሁ እዚያው አልብሱት። ዝሆኔ ሣርም ይቋቋማል።

ቋሚ ነገር ለሚፈልግ ቬቲቨር ሣር ነው። ሥሩ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፣ አትራዚንን ይችላል፣ ጎርፍም ይገታል። ባዕድ ተክል መስሎ እንዳይታያችሁ፤ በ1960ዎቹ ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በጅማ የቡና ምርምር በኩል ነው። ከነሥሩ የተገነጠለውን ችግኝ ቅጠሉን 20፣ ሥሩን 10 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። በመስመር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ትከሉ፣ በመስመሮቹ መካከል ግማሽ ሜትር ተዉ። መስመሩ ከተዳፋቱ ጋር ተሻግሮ ይሂድ። በመካከሉ በቆሎውን ዝሩ።

ለማላታይንና ለክሎርፓይሪፎስ ተክል መምረጥ ብዙ አያስጨንቅም። ሥሩ የበዛ ሣር ሁሉ ይሆናል።

የታጨደውን ሣር ለላም አትስጡ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፤ ጎረቤት መጥቶ «ይህን የመሰለ ሣር ታበሰብሳለህ?» ማለቱ አይቀርም።

ዲዲቲ ከሆነ ሌላ መንገድ

የዱባ ዘመዶች፣ በተለይ ዝኩኒ፣ የዲዲቲን ቅሪት ከአፈር ስበው ወደ ግንድና ቅጠል ያወጣሉ። ሌላው ተክል ግን አብዛኛውን በሥሩ ላይ ያቆመዋል። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ዱባ ልትከል ይላል። አልመክርም። በአንድ ወቅት የሚያወጣው ጥቂት ነው፣ አፈሩን ለማጽዳት ብዙ ዓመት ይፈጃል። የተሰበሰበው ዱባ ደግሞ የት ይሄዳል? አይበላም። ለከብት አይሰጥም። ሜዳ ላይ ቢቃጠል ከመርዙ የባሰ ጭስ ያወጣል። ልጅ አጥር ዘሎ ፍሬውን ቢወስድስ?

እንደኔ ከሆነ ዲዲቲን ማሰር ይሻላል። የከሰል ድቃቂ ሰብስባችሁ ፈጩት፣ ለካሬ ሜትር አራት አምስት ኪሎ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ አዋህዱት። ከሰሉ ዲዲቲውን ይይዘዋል፣ ወደ ተክልና ወደ ትል የሚሄደው ይቀንሳል። ከዚያ ቬቲቨር አልብሱትና ተዉት። ግን አስተውሉ፦ ከሰል ያሰረውን ባክቴሪያም አያገኘውም። ስለዚህ ከሰልን አትራዚን ያለበት አፈር ላይ አትጨምሩ፤ ምግቡን ቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ አይተከልም። ለዓመታት። የጌጥ አበባ ወይም ባሕር ዛፍ ይሁን።

መከታተል

በየሦስት ሳምንቱ በመስመሮቹ መካከል ያለውን አፈር በስሱ ኮትኩቱ። በበጋ በሳምንት ሁለቴ አጠጡ፤ አፈሩ ሲደርቅ ባክቴሪያው ሥራ ያቆማል። ከጥር እስከ የካቲት ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚሰንፈው።

በየሦስት ወሩ የቦሎቄውን ሙከራ ድገሙ። አፈሩን ከአምስት ቦታ ውሰዱና ቀላቅሉ፤ ከአንድ ጥግ ብቻ የተወሰደ ይዋሻል። የእኔ ቦሎቄ ጭድና የገበሬው አፈር ከገባ በኋላ በሰባተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ አወጣ። ያኔም አልበላሁትም፣ እዚያው ቀበርኩት። ቦሎቄው ለሁለት ተከታታይ ሙከራ ከንጹሑ አፈር እኩል ከበቀለ በቀጣዩ ወቅት በቆሎ መዝራት ይቻላል። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር የመጨረሻ ይሁኑ።

ድጋሚ እንዳይበከል፦ የፓምፕ ማጠቢያ ጉድጓድ

የምትረጩ ከሆነ ፓምፑ የሚሞላበትና የሚታጠብበት ቦታ መኖሩ አይቀርም። ስዊድኖች በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ነገር ጀመሩ፦ መርዝ የሚበላ ጉድጓድ። ያለ ማሽን፣ ያለ መብራት። ለእኛ አገር ቁሳቁስም በጣም የሚመች ነው።

ከውሃ ጉድጓድና ከቦይ የራቀ ቦታ ምረጡ። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። ከታች አሥር ሳንቲ ሜትር ዋልካ አፈር አርጥባችሁ ጠቅጥቁ፤ ውሃ እንዳያሳልፍ። በላዩ ድብልቁ ይሞላል፦ ሁለት እጅ የተከተከተ ጭድ፣ አንድ እጅ የማሳ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ። መስፈሪያው ባሊ ነው እንጂ ሚዛን አይደለም። ትኩስ እበት አይግባ። ጭዱ ላይ የሚያድገው ነጭ ሻጋታ መርዙን በመሰባበር ዋና ሠራተኛ ነው፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ይሰንፋል።

ድብልቁን ከጉድጓዱ ውጭ አርጥባችሁ ከስድስት ሳምንት በፊት አዘጋጁት፤ ሻጋታው ይነሳ። ከሞላችሁ በኋላ ላዩን ሣር ትከሉበት። ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ አድርጉለት፤ የጅማን ዝናብ ያለ ጣሪያ የሚችል ጉድጓድ የለም። ሁለት ጠንካራ ጣውላ አጋድሙበትና ፓምፑን እነሱ ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉ፣ እጠቡ። ፓምፑን ማሳው ላይ እያላችሁ በትንሽ ውሃ ሁለቴ አጥባችሁ እዚያው ሰብሉ ላይ ብትረጩት ደግሞ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣው በጣም ያንሳል። ተርፎ ያልተረጨ ድፍን መርዝ ግን እዚያ አይደፋም፤ የጉድጓዱ አቅም የእጣቢ ነው።

ጭዱ እየበሰበሰ ሲወርድ በየዓመቱ አዲስ ድብልቅ ጨምሩ። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ሁሉንም አውጡትና ሸራ ላይ ከምራችሁ ለአንድ ዓመት አቆዩት። ከዚያ ያንኑ የቦሎቄ ሙከራ አድርጉበት። ካለፈ ከቬቲቨሩ ሥር በትኑት። ካላለፈ ጭድ ጨምራችሁ መልሳችሁ ከምሩት።